ስለ ደስታነሽ ዶሮና ስለ መስታወቱ ሣጥን

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሞጣ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ እዚሁ ቢቸና አድራችሁ ግን ከሞጣዎቹ ዘግይታችሁ የደረሳችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ይቅርታ አድርጉልን። ያገኛችሁትም ብትሆኑ የተቀመጣችሁት የሕፃን ወንበር ላይ ስለሆነ ብዙ አልተጠቀማችሁም።

አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ዳቦው በስሏል፣ አዳራሹ አምሯል፣ ፎቶግራፌም ከእኔ በልጦ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል። ስገባ ሳየው ትንሽ ደንግጬ ነበር። ከሥሩ ሻማ አለመብራቱን አረጋግጬ ነው ወደ ውስጥ የዘለቅሁት።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምለውም ስለ እኔ መልካም መልካሙን ተናግረዋል። «ሕይወቱን ለሕፃናት ቴአትር የሠዋ» ብለውኛል። አመሰግናለሁ፣ አቶ ደምለው፤ ግን አልሠዋሁትም። ይኸው ይዤው እየወጣሁ ነው።

ከዚያ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ስጦታዬን አሳዩኝ። እናንተ አጨበጨባችሁ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከኋላ ላላያችሁት፣ በስተቀኜ የቆመው ባለ መስታወት ሣጥን ነው። ውስጡ የደስታነሽ የጨርቅ ዶሮ ተቀምጣለች። ከሥሯ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ቁልፉ አቶ ደምለው ኪስ ውስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዶሮዋ ቅርስ ሆና በክብር ትቀመጣለች፤ ሐሙስ ሞጣ ላይ የሚጀመረው የዘንድሮ ትርኢት ደግሞ በቴሌቪዥን ይታያል ተብሏል።

ስጦታ የሰጠን ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። እኔም ነውር አልወድም። ስለዚህ እስኪ መጀመሪያ ትንሽ ላውራ፤ ነውሩን ወደ መጨረሻው አደርሰዋለሁ።

በቅርቡ የተመደባችሁ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች አላችሁ፤ ከየአቅጣጫው የመጣችሁ። «ይኼ ሰውዬ እዚህ እንኮይ የሕፃናት ማዕከል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እናቴም እስክትሞት አልገባትም።

ሥራዬ ዝናብ ነበር።

ቴአትራችን ገና ከሚድኹት አንሥቶ ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ላሉ ሕፃናት ነው። መድረክ የለውም፤ ምንጣፍ አለው። ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ጋር ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ባናታቸው ላይ ስስ ሰማያዊ ጨርቅ እንዘረጋለን፤ እሱ ደመና ነው። እኔ ከጥግ ሆኜ ገብስ ከበሮ ላይ አንጠባጥባለሁ። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ይበረታል፣ ያባራል። ትሪ ላይ ደረቅ አፈር አድርጌ ውኃ አርከፈክፍበታለሁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ያኔ ዶሮዋ ትመጣለች። ጫጩቷ ጠፍታባታለች። ከእናቶች ነጠላ ሥር ትፈልጋታለች፤ ከሕፃኑ ብብት፣ ከአባትየው ባርኔጣ ውስጥ ትፈልጋታለች። በመጨረሻ ሕፃናቱ ራሳቸው የዶሮዋን ክንፍ ገልጠው ያገኟታል። ለካ እዚያው ክንፏ ሥር ነበረች።

ታሪኩ ይኼው ነው። ቃል የለውም።

እኔ ደግሞ በልጅነቴ ቅኔ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ቃል ስመዝን፣ ቃል ስሰነጥቅ፣ አንዱን ሰው ባንድ አፍ ሳሞግስና ስሸነቁጥ አደግኩ። ከዚያ ቃል ለማያውቁ ሰዎች ሳገለግል ጡረታ ወጣሁ። እግዚአብሔር ሲቀልድ እንደ ጎጃም ሰው ነው፤ ፊቱን አይፈታም።

የቢቸና ሰውም አልተወኝም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሰፈሬ ሰው ጠጋ ብሎ፣

«ጋሽ የኔሰው፣ ከካልሲ ጋር ያወራል የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«ይመልስልሃል?»

«ካንዳንድ ሰው ይሻላል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አጭር ነው።

ደስታነሽን ያላወቃችኋት አላችሁ። የሞጣ ልጅ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሕር ዳር አንድ ሥልጠና ላይ ተገናኘን፤ እሷ የመጣችው መጋረጃ ስለ መስፋት መስሏት ነው፤ እኔ ደግሞ አበል አለው ተብዬ። አሠልጣኙ አንድ አሮጌ ጓንት ሰጣትና «ሕይወት ስጪው» አላት። ጓንቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ «መጀመሪያ ይታጠፍ እንጂ፣ እንዲህ ተጨማዶ የት ይሄዳል?» አለች። ከዚያ እጇን ስታስገባበት ጓንቱ አፈረ። እውነቴን ነው። ቆሽሾ መገኘቱን እንዳወቀ እንግዳ ፊቱን መለሰብን። በዚያች ቅጽበት፣ እኔ ዶሮም ሆነ ሰው መሆን እንደማልችል ተረድቼ ዝናብ ለመሆን ወሰንኩ።

ዶሮዋን በዚያው ክረምት ሠራቻት። ሆዷን የሞላችው ባልታጠበ የበግ ጠጉር ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ እፍኝ ጤና አዳም ጨመረችበት። «ለምን?» ብላት «ዶሮ ሆዷ ባዶ ከሆነ ማን ያምናታል?» አለችኝ።

ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና በሚኒባስ ስንመላለስ ዶሮዋ ከደስታነሽ እጅ አትወርድም ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈሩ አንዲት ሴት «ስንት ትያታለሽ?» ብለው ጠይቀዋታል። አንድ ረዳት ደግሞ «ዶሮ ፖርቶ መጋላ ላይ ነው የሚጫን፤ ውስጥ አይቻልም» ብሎ ድርቅ አለ።

«ወንድሜ፣ ብርድ ይመታታል» አለችው።

ረዳቱ ሊነጥቃት እጁን ሲዘረጋ ዶሮዋ ጣቱን ነከሰችው። መኪናው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱ ቆይቶ፣ ግንደ ወይንን ካለፍን በኋላ ዞር አለና «እህቴ፣ አሁንስ ተኝታለች?» ብሎ ጠየቃት። ጨርቅ መሆኗን እያየ ነው የጠየቀው። ደስታነሽም «አሁን ሸለብ አደረጋት» አለችው። ከዚያ ሬዲዮኑን ቀነሰው።

የመጀመሪያው ትርኢት እዚሁ ቢቸና ነበር። እንደ ደንባችን አዳራሹን አስጌጥን፣ የፊቱን ወንበር ለሽማግሌዎችና ለኃላፊዎች አዘጋጀን፣ ንግግርም አሰናዳን። ሰው ሲገባ እንደ ደንቡ ተቀመጠ። ታላላቆች ከፊት፣ እናቶች ከኋላ፣ ሕፃናቱ ደግሞ ከእናቶቻቸው ጀርባ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተጀመረ። ሲያልቅ ከሕፃናቱ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ያለቅሳል። እኔ ገብሴን ማንጠባጠብ ጀመርኩ፤ ዶሮዋም ወጣች፤ ከፊቷ ያገኘችው ጋቢያቸውን የደረቡ ሽማግሌዎች ብቻ ነው። ምን ታድርግ? ጫጩቷን ከእነሱ ጋቢ ሥር ትፈልግ ጀመር።

መሐል ላይ የተቀመጡት የቅኔ መምህሬ አለቃ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኔ ቅኔውን ትቼ መውጣቴን ይቅር ያላሉኝ ሰው ናቸው። ከከበሮዬ ኋላ ተደብቄያለሁ። አለቃ ዶሮዋን በመቋሚያቸው ጫፍ ቆም አደረጓት።

«ይህች ዶሮ የማን ናት?»

«የሕፃናቱ ናት፣ የኔታ» አለች ደስታነሽ ከጨርቁ ሥር።

«ሕፃናቱስ የታሉ?»

«ከኋላዎ።»

አለቃ ቀስ ብለው ዞሩ። አዳራሹን እስከ ጥግ አዩት። «ታዲያ እነዚህ የሚያዩት ምኑን ነው? የእኔን ካባ?»

ይህን ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱና አንዱን ሕፃን ከእናቱ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሕፃኑ ወዲያው የዶሮዋን ምንቃር ጨበጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ተረቱን የተረተው ሰው ሕፃን ረስቷል። አለቃ ሳቁ። እኔ ቅኔ ቤት በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

በእኛ አገር ለአንዱ ሽማግሌ የተደረገ ክብር ለሌላው ሲቀር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከጎናቸው ያሉት «ለእሳቸው ተሰጥቶ ለእኔስ?» አሉ። ሕፃን ተጠራ። ሦስተኛውም ጠየቁ። ሕፃን አለቀ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ሕፃን ተካረሩ፤ አንደኛው «ልጅቱ የእኛ ሰፈር ናት» ይላሉ፣ ሌላኛው «እኔ ክርስትና አባቷ ነኝ» ይላሉ። ስንቱን ጠብ ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። እነሱን ያስታረቀቻቸው ልጅቱ ናት። ሁለቱንም ትታ ወደ ዶሮዋ ዳኸች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ የፊቱ ወንበር የታላላቆች ነው፤ ደንብ አልሻርንም። ነገር ግን ሕፃን ያልታቀፈ ትልቅ ሰው አይቀመጥበትም።

ሞጣ ላይ የገጠመን ሌላ ነው። የሞጣ እናቶች ልጆቻቸውን አሳምረው የቀጡ ናቸው። ሕፃናቱ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ዓይናቸውን አፍጥጠው ተቀመጡ። ዶሮዋ ብትቀርባቸው ፍንክች የሚል ጠፋ። ሽንኩርት የምትነግደው አስቻለች ከልጇ ከምሥራቅ ጋር ከፊት ነበረች። ምሥራቅ ትንሿን ጣቷን ብቅ ስታደርግ እናትየው ቸብ ታደርጋታለች።

«እጅሽን ሰብስቢ! የሰው ዕቃ ነው!»

ደስታነሽ ይህን ስትሰማ ዶሮዋን ከሕፃናቱ መለሰቻት። ቀጥ ብላ ወደ አስቻለች ሄደች። ጎንበስ አለችና ጉልበቷን ሳመች። ዶሮዋ ናት የምላችሁ። አስቻለች ሳታስበው ሁለት እጇን ዘርግታ፣

«ኧረ አፈር ስሆን! ተነሺ፣ ተነሺ! ይበቃል!» አለቻት፤ ልክ ለምራቷ እንደምትለው።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ዶሮዋም በየተራ የእናቶችን ሁሉ ጉልበት ሳመች። እናት ከሳቀች ደግሞ ልጅ ምን ይጠብቃል? ምሥራቅ ብድግ ብላ ሁለት እጇን አጥብቃ የዶሮዋን ቀኝ ክንፍ ያዘች። ተረረረ። ክንፉ ተቀደደ።

አስቻለች የምትገባበት ጠፋት። ሳትሰናበተን ልጇን ታቅፋ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ግን አስቻለች የደስታነሽ በር ላይ ቆማ ነበር። በእጇ ለምሥራቅ የጠበባትን ቢጫ ቀሚስ ይዛለች።

«የቀደደች ታልብስ» አለች።

ደስታነሽ ቀሚሱን ተቀበለች፤ ቆረጠች፤ ክንፍ አደረገችው። ጨርቅ መግዛት ስለማትችል አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቤቷ ሙሉ ቁርጥራጭ ነው። አስቻለች የመጣችበት ነገር ስለገባት ነው።

እንግዲህ ወሬው ከሞጣ ቢቸና ከእኛ ሚኒባስ ቀድሞ ደረሰ። ልጁ የቀደደ ሁሉ የጠበበውን ልብስ እያመጣ አለበሳት። በኋላ በኋላማ ነገሩ ፉክክር ሆነ። «የእኔ ልጅ እኮ አንገቷን ነው የቀደዳት» የምትል እናት አለች። አንድ አባት ደግሞ ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ሦስት ጊዜ ቴአትር ወስጄው ምንም አልቀደደም፤ እስኪ እዩልኝ» ማለቱን ነርሷ ነግራኛለች። ባለፈው ዓመት አንድ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ጎረምሳ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ጋሼ፣ አላወቁኝም? ጅራቷ እኮ እኔ ነኝ» አለኝ። የትኛው ደራሲ ነው እንዲህ ያለ አንባቢ ያለው?

ደስታነሽ ካቻምና ዐረፈች። ሕመሟን ታውቃላችሁ፤ እሱን አልናገርም። ለቀብሯ ከሞጣ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ሰዎች የሚያለቅሱትን ያህል ልጆች በደስታ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ትንንሾቹ ቀብር መሆኑ አልገባቸውም፤ ደስታነሽ ካለች ዶሮዋ ትመጣለች ብለው ይጠብቃሉ።

ቦታዋን የወሰደችው ትርሲት ናት። ትርሲት፣ አታቀርቅሪ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ብርዱን ይዛው ነው የመጣችው እያልን እንቀልድባት ነበር። ትርሲት ዶሮዋን ስትረከብ በአክብሮት ተረከበቻት። ቤቷ ወሰደቻት። የሆዷን ጠጉር አውጥታ ጣለች፤ በኦሞ አጠበቻት፤ ፀሐይ ላይ አሰጣቻት፤ አዲስ ጥጥ ሞላቻት፤ በመጨረሻ ተኮሰቻት። ዶሮዋ እንደ ሙሽራ ሆነች። እኛም አይተን «እሰይ! የሟች ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዝ» አልን። እኔም ብያለሁ።

ሞጣ ሄድን። ዘነብኩ። ዶሮዋ ወጣች። ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር፤ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሮጠና አፍንጫውን ሆዷ ውስጥ ቀበረ። ከዚያ ቀና አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«አይደለችም» አለ።

ያለው ይኸው ነው። ሄዶ እናቱ ጉያ ገባ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀርበው አሸተቱና ተመለሱ። ትርሲት ከጨርቁ ሥር ስታለቅስ ትከሻዋ ይታየኛል። ዝናቡም ለጥቂት ጊዜ አባራ።

ያን ቀን ሰው ሲበተን አስቻለች ቀረች። ትርሲት አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አጥበሽ ባዳ አደረግሻት» አለቻት።

«ክብር መስሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«ክብርማ ነው። የሞተ ሰው ነው ታጥቦ በነጭ የሚገነዝ። ይቺ ግን መች ሞተች?»

ከዚያ እናቶቹ ጉዳዩን ከእጃችን ወሰዱት። አንዷ ያልታጠበ የበግ ጠጉር አመጣች፣ አንዷ ከጓሮዋ ጤና አዳም ቆረጠች። ዶሮዋን ከቤት ቤት አዞሯት፤ አንድ ሰሞን አንዱ ሕፃን ጋ አደረች፣ አንድ ሰሞን ሌላው ጋ። ወተት ፈሰሰባት፣ ቅቤ ነካት፣ ሌላም የማልጠቅሰው ነገር ነካት። ወደ እኛ ስትመለስ ፍቅረ ሥላሴ ሆዷን አሸተተና ክንፏን ገልጦ ጫጩቷን ይፈልግ ጀመር። ትርሲት ዶሮ የሆነችው ያን ቀን ነው። የደብረ ብርሃንም ልጅ ብትሆን።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ።

አቶ ደምለው ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም። ማንም እንዲህ እንዳይመስለው። የዛሬ ሳምንት ቢሯቸው ጠርተውኝ «የኔሰው፣ ደስታነሽ እኮ ለእኛ የቀረችው በዚህች ዶሮ ብቻ ነው። ድምፅዋ የለን፣ ፎቶዋም አንድ ጉርድ ብቻ ነው። ብትቀደድስ? ብትጠፋስ?» አሉኝ። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ አስቤበታለሁ።

አቶ ደምለው፣ በመስታወት የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ነው። ሽታ አያልፍም። እጅ አያልፍም። ጥርስ አያልፍም። እነዚህ ተመልካቾች ደግሞ ዓለምን የሚያውቋት በአፋቸው ነው።

ቪዲዮውንም ሞክረነዋል። መንገዱ ተዘግቶ ሞጣ መድረስ ባልቻልንባቸው ወራት ትርኢቱን ቀርፀን ላክን። የሆነውን የሞጣ ባልደረቦቻችን ያውቃሉ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ስክሪኑን ላሱት፤ ጣዕሙ አልተስማማቸውም። አንደኛዋ ጫጩቷን ፍለጋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረች፤ ያገኘችው ገመድ ነው። ገመዱን ነቀለችው። ትርኢቱ በዚያው አበቃ፤ ከሁሉም የተወደደው ክፍል እሱ እንደነበር ተነግሮኛል።

«ደስታነሽ የሠራቻት ዶሮ» እያልን ነው። እስኪ ቀረብ ብለን በመስታወቱ እንያት። ቀኝ ክንፏ የምሥራቅ ቀሚስ ነው፤ ምሥራቅ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ናት። አንገቷ የሁለት መንታዎች ሹራብ ነው። ጉትዬዋ ቀይ ካልሲ ነው፤ ባለቤቱ አሁን የጁቤ ከተማ መምህር ሆኖ ተመድቧል። ጀርባዋ ላይ ያለችው ጥቁር ቁራጭ የአለቃ ገብረ ሚካኤል ካባ ገበር ናት፤ በኋላ አንድ ቀን ጉልበታቸው ላይ የነበረው ሕፃን ቀድዷት «ልጁ እኔ ላይ ተቀምጦ ነው የቀደደው፤ ዕዳው የእኔ ነው» ብለው ከካባቸው ያስቀደዱት ነው። ደስታነሽ መጀመሪያ ከሰፋችው ጨርቅ አንድ ክር ቢገኝ ነው፤ እሱም የት እንዳለ እሷ ብቻ ነበረች የምታውቀው።

እሷ እያለች «እስከ መቼ ትጥፊያታለሽ? ለምን አዲስ አትሠሪም?» ብያት ነበር። መርፌውን በጥርሷ ይዛ፣

«አዲስማ ሁልጊዜ አዲስ ናት። አሮጌው አንተ ነህ» አለችኝ።

ትክክል ነበረች፤ ይኸው ጡረታ እየወጣሁ ነው።

አሁን ከሆዷ በታች፣ በግራ በኩል ተመልከቱ። አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ አለች። ሳስታለች፤ ክሩ ላልቷል። እዚያ ላይ ማንም ገና አልለበሰም። ሣጥኑ ዛሬ ከተቆለፈ ያ ቦታ እንደዚያው ይቀራል። ሐሙስ ሞጣ ላይ የሚመጡት ሕፃናት፣ ካቻምናና አምና የተወለዱት፣ በዚያ በከፋ ጊዜ የተወለዱት፣ እነሱ ዶሮዋ ላይ ምንም የላቸውም። ታላላቆቻቸው ክንፍ ናቸው፣ አንገት ናቸው፣ ጅራት ናቸው። እነሱ በመስታወት ያያሉ።

የዘንድሮዎቹ ገና አልቀደዷትም፣ አቶ ደምለው። ነውሩ ይኼው ነበር። ተናገርኩት።

እጅዎን አነሡ። ይበሉ፣ ይናገሩ።

ከኋላ ላልሰማችሁ፣ «ታዲያ ሣጥኑን ምን ላድርገው? አናጺው ደክሞበታል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ያማረ ሥራ ነው። የምስክር ወረቀቶቻችንን ያስገቡበት። እነሱን እስከ ዛሬ አንድም ሕፃን ሊነካቸው ፈልጎ አያውቅም። ቦታ ከተረፈ ይህን ፎቶግራፌን።

አዎ? «ተቀድዳ ተቀድዳ ብታልቅስ?»

ታልቃለች ብዬ አልዋሽዎትም፤ አታልቅም ብዬም አልምልም። እስካሁን ግን ልጆች መወለዳቸውን አላቆሙም። ልብስም መጥበቡን አላቆመም።

አቶ ደምለው ተነሡ። ኪሳቸውን እየዳበሱ ነው። አይ፣ ቁልፉን ወደ እኔ አያምጡት። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሕዝብ ነኝ። ለትርሲት ይስጧት።

አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንዲህ ያለ አለቃ ነበረኝ ብዬ እናገራለሁ፤ ማንም አያምነኝም፣ ግን እናገራለሁ።

ትርሲት፣ ቀስ ብለሽ። ክንፏን አትያዣት፣ ከሥር ያዣት። እንዲያ ነው። እርስዎ ደግሞ፣ እማማ፣ አዎ እርስዎ፣ ሕፃኗን አመተ ሥላሴን ለምን እጇን ይይዟታል? ይልቀቋት እንጂ። ትምጣ። እዩዋት፣ ምንቃሯን አፏ ውስጥ ከተተችው። አይ፣ አትሳቁባት፤ እየሠራች ነው።

እንግዲህ እኔን የሚያየኝ ሰው የለም። በሙያችን ይህ ዝናቡ የሚያባራበት ምልክት ነው፤ ስለዚህ መርቄያችሁ ልውረድ።

እግዚአብሔር በየእምነታችሁ ጸሎታችሁን ይስማላችሁ። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ግድግዳ ሳትደገፉ የምትነሡበትን ጉልበት አያሳጣችሁ። ከቢቸና እስከ ሞጣ መንገዱን ሰላም ያድርገው፤ ሐሙስ በጊዜ የምትደርሱበት፣ ማታም በጊዜ የምትመለሱበት ይሁን። ልጅ የናፈቃችሁ ልጅ ይስጣችሁ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጆቻችሁ እየጠገቡ፣ እየሮጡ፣ እየረዘሙ፣ ልብሳቸው በየዓመቱ ይጥበባቸው።